እስከ ፋሲካ ታገሥ ያልኩት ወንድሜ

ቤዛ የወንድሜ የልጅ ልጅ ናት። አዲስ አበባ ስለ አንጎል የምታጠና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ስትሆን፣ ትምህርት ሲዘጋ ወልድያ እኔ ዘንድ መጥታ ትሰነብታለች። ባለፈው የካቲት መጥታ ሳለ፣ ከምሳ በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጠናል። እኔ ምስር እለቅማለሁ። እሷ ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ለክፍሏ የምታቀርበውን ትለማመዳለች። ብዙ ዘመን በጤና ረዳትነት ማገልገሌን ስለምታውቅ እኔን መፈተን ደስ ይላታል።

«አይጧ ያለችበት ሳጥን ውስጥ ሁለት መርገጫ አለ» አለችኝ። «አይጧ አንዱን ስትረግጥ አደንዛዥ ዕፁ በቀጭን ቱቦ ደሟ ውስጥ ይገባል። ሌላውን ስትረግጥ ትንሽ በር ይከፈትና ከሌላ አይጥ ጋር ትገናኛለች። ገምቺ እስቲ አያቴ፣ የትኛውን ትመርጣለች?»

«ዕፁን የለመደች ናት?»

«በደንብ የለመደች።»

«እንግዲያው ዕፁን ነዋ።»

«አይደለም!» ብላ ሳቀች። «ጓደኛዋን ነው። ሁለቱም እኩል ከቀረቡላት ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ጓደኛዋን ትመርጣለች። አንጎል ውስጥ የሚያስመኘን፣ የሚያስናፍቀን ክፍል ለዕፅ ብቻ የተሠራ አይደለም። እንዲያውም መጀመሪያ የተሠራው ለምግብና ለሌላ ፍጡር ነው።» ከዚያ ወደ ጽሑፏ ዞር አለች። «አንድ ነገር ግን አለ። መርገጫውን ረግጣ በሩ ቶሎ ካልተከፈተላት፣ እያስጠበቃት ከሄደ፣ ወደ ዕፁ ትመለሳለች።»

ምስሩን መልቀም አቆምኩ። «ምን ያህል ነው የምታስጠብቋት?» አልኳት።

«ኧረ አያቴ፣ በሰከንድ የሚቆጠር ነው። ሰውና አይጥ ደግሞ አንድ አይደሉም። ሰው ቀን ቆጥሮ መጠበቅ ያውቃል።»

አዎ፣ ሰው ቀን ይቆጥራል። ወንድሜ ሲቆጥር በዓይኔ አይቻለሁ። ቤዛ ስለ አያቷ፣ ስለ ተፈራ፣ ከእኛ የሰማችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የበልግ ጎርፍ ወሰደው የሚለውን። እሱም ውሸት አይደለም። ግን ሙሉ እውነት አይደለም።

ጊዜው በንጉሡ ዘመን ነው፤ ያ ክፉ ድርቅ ከመምጣቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ። እኔ ደሴ ተምሬ፣ ያኔ ድሬሰር የሚባለው ጤና ረዳት ሆኜ መርሳ ክሊኒክ ተመድቤ ነበር። ሃያ ዓመቴ ነው። ነጭ ጋዋኔን ለብሼ በመርሳ አውራ ጎዳና ሳልፍ ከእናቴ የሚበልጡ ሰዎች ቆመው «እንደምን አደርሽ ዶክተር» ይሉኛል። አላርማቸውም ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ ከመጣብን ነገር ሁሉ በፊት የመጣው ያ ኩራቴ ነው።

ያኔ መርሳ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የተሰለፉ ቆርቆሮ ቤቶች ነበረች። ከኋላቸው በመስኖ የሚጠጡ የብርቱካንና የፓፓያ ጓሮዎች አሉ። ከደሴ የሚመጣ ከባድ መኪና ሁሉ እዚህ ቆሞ ይተነፍሳል። አንድ ትልቅ ሾላ ሥር ወንድሜ ጋራዥ ነበረው፤ ጋራዥ ከተባለ፣ አራት ግንድ ላይ የተጣለ ቆርቆሮ ነው። አያ ተፈራ እንለዋለን፤ በሰባት ዓመት ይበልጠኛል። የሞተር ሕመም በጆሮው የሚያውቅ ሰው ነበር። ረጅም መፍቻ ሞተሩ ላይ አስደግፎ፣ ጫፉን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። ከዚያ «ሁለተኛው ሲሊንደር ነው» ይላል፤ ሲከፈትም ሁለተኛው ይሆናል። ሾፌሮች ከወልድያ ወይም ከደሴ መካኒክ ይልቅ እሱን ብለው መርሳ ድረስ እያነከሱ ይመጡ ነበር።

ሾፌሮቹ ይወዱታል፤ የሚወዱትን ደግሞ ይጋብዙታል። መኪናው ሲነሳ አንድ መለኪያ አረቄ ነው፣ ሳይነሳ ሲቀር ለማጽናኛ ሌላ መለኪያ። መጀመሪያ ላይ ጨዋታ ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ ግን ጠዋት ሲነሳ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሆነ። ብሎን መያዝ ያቅተዋል። አንድ መለኪያ ሲቀምስ እጁ ይረጋል፣ ዓይኑ ይጠራል፣ እንደ ድሮው ያ ብልህ መካኒክ ይሆናል። ለመሥራት ይጠጣል፤ ስለጠጣ ደግሞ መሥራት ያቅተዋል። ሚስቱ ዘነበች ቀን ተሌት ትለምነው ነበር። ይቀበላትና ያለቅሳል፣ ይምላል። መሐላው የእውነት ነው። ጠዋት ግን እጁ ይንቀጠቀጣል።

አንድ ቀን የሁለት ዓመት ልጁን አበባን ይዟት ጋራዥ ሄደ። ከጭነት መኪና ጎማ ኋላ አስቀምጧት ረሳት። ሾፌሩ ወደ ኋላ ሲነዳ አንዲት ብርቱካን የምትሸጥ ሴት ጮኸች። መኪናው ከልጅቱ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆመ። አበባ ምንም አልሆነችም፤ እንዲያውም አፈር እየበላች ትስቅ ነበር። ተፈራ ግን እዚያው መሬት ላይ ተቀምጦ ራሱን መታ።

በማግስቱ ዘነበችን ውርጌሳ አባቷ ቤት እንድትሄድ የመከርኳት እኔ ነኝ። «ልጅሽን ይዘሽ ሂጂ። ወይ እናንተን ይመርጣል፣ ወይ አረቄውን» አልኳት። ቀጥ ያለ ንግግር መስሎኝ ነበር። በመኪና ሳሳፍራት በመስኮት እጄን ይዛ፣ «ስንዱ፣ ለብቻው ሲሆን ይብስበታል እኮ» አለችኝ። «ግድ የለሽም፣ እኔ አለሁ» አልኳት።

እናታችን ቤት አምጥቼ አስተኛሁት። ዐቢይ ጾም የገባበት ሳምንት ነው። መጀመሪያዎቹን ቀናት አልረሳቸውም። ላቡ ፍራሹን ያልፋል፣ ጥርሱ ይንገጫገጫል፣ ግድግዳው ላይ ጉንዳን ይታየዋል። ክሊኒክ የተማርኩትን ሁሉ አደረግኩለት። የሽምብራ ሾርባ በማንኪያ እያጎረስኩ፣ በእርጥብ ጨርቅ እያበስኩ፣ ሲንዘፈዘፍ በጎኑ እያስተኛሁ ከሞት አፍ መለስኩት። ይህን የምለው ለመመስገን አይደለም። እንደምወደው እንዲታወቅልኝ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት በእግሩ ቆመ። በአራተኛው ጎመንና የተልባ ፍትፍት አምሮት ሲበላ እናቴ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። በልጉ ዘንቦ ነበር። ከከተማው በላይ ያለው ጋራ አረንጓዴ ለብሶ፣ ከጓሮዎቹ የብርቱካን አበባ ሽታ ይመጣል። ተፈራ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ እጁን ፊቱ ዘርግቶ ያየዋል። ጸጥ ያለ እጅ። «እይው ስንድዬ፣ የእኔው እጅ ነው» ይለኛል።

ከዚያ ቀጥሎ የሚጠይቀው ሁልጊዜ አንድ ነው። «ዘነበችስ?»

«ለፋሲካ።»

«አንድ ቀን እንኳ መጥታ ብትመለስ?»

«ታገሥ አያ ተፈራ። እስከ ፋሲካ ታገሥ። መጀመሪያ ለራስህ ቁም፣ ከዚያ በክብር ትቀበላታለህ።»

እናቴ ግን በዚህ አልተስማማችም። «አንቺ ልጅ፣ ሰው የታመመ ጊዜ ነው እንጂ የዳነ ጊዜ ነው ወይ ሚስቱን የሚፈልገው?» አለችኝ አንድ ጠዋት። እኔም ትምህርት እንዳልተማረች አስታወስኳት። በቃል ሳይሆን በአኳኋኔ።

በመጋቢት አጋማሽ አንድ ሾፌር ክሊኒክ መጥቶ የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ። ከውርጌሳ የተላከ ነው። የደብሩ መሪጌታ በዘነበች ቃል የጻፉት፣ ለተፈራ የተላከ ደብዳቤ ነበር። ለእኔ አይደለም። ከፈትኩት።

«ይድረስ ለባለቤቴ ለተፈራ። ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አበባ አፏን ፈታ ትናገራለች፤ መኪና በሰማች ቁጥር አባዬ ትላለች። መጠጡን መተውህን ሰምቼ ደስታዬ ወሰን የለውም። ለመድኃኔዓለም ልጅቱን ይዤ ልምጣ ወይ? ነይ ካልከኝ በማግስቱ እነሳለሁ።»

ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ ተፈራ እንደ ልማዱ ደጃፍ ተቀምጧል። ከፊት ለፊታችን ያለችው ጎረቤት አረቄ የምታወጣ ሴት ነበረች። አተላውን ደጇ ካለው ገንዳ ትገለብጠዋለች፣ አህያዋም ሳርና ገለባ ቢቀርብላት ትታ ከገንዳው አትጠፋም። ሰፈሩ ሰካራሟ ይላት ነበር። እኔ አጠገቡ ስቀመጥ የአህያዋ ጓደኛ፣ ሌላዋ አህያ፣ እንጨት ተሸክማ ከገበያ በኩል ብቅ አለች። ሰካራሟ ጆሮዋን አቅንታ ገንዳውን ጥላ ሄደች፣ አንገት ለአንገት ተሻሹ።

«አየሽልኝ?» አለ ተፈራ። «ጥላው ሄደች።»

«አህያ ናታ» ብዬ ሳቅሁ።

እሱ አልሳቀም። «ትናንት ያቺ ሳትመለስ ውላ ይቺኛዋ ገንዳውን እስከ ሥሩ ልሳው ነበር። ቁጭ ብዬ አየኋት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ከውርጌሳ ምንም የላከ ሰው የለም?» አለኝ።

ደብዳቤው ጋዋኔ ኪስ ውስጥ ነበር። «ምንም» አልኩት።

ለምን እንዲህ አልኩ? ስንት ዓመት ራሴን ጠይቄአለሁ። ክፋት አልነበረም። ዘነበችን እንደ ሽልማት ቆጥሬያት ነበር። ሽልማት ከፈተና በኋላ ነው የሚሰጠው፤ ትምህርት ቤት እንደዚያ ነው ያደግኩት። ቶሎ ከተሰጠው ጥንካሬው ይላላል ብዬ ፈራሁ። በማግስቱ ክሊኒክ ቁጭ ብዬ በዚያ በሚያምር ፊደሌ መልስ ጻፍኩ። ተፈራ ደብዳቤሽን አንብቦ ደስ ብሎታል፣ ነገር ግን እስከ ፋሲካ እንዳትመጪ፣ እሱም ከዚያ በፊት ልቡ ደክሞ ቢመጣ እንዳትወጪለት፣ ራሱ ለምኖኛል ብዬ። ራሱ አልለመነኝም። ከራሴ የጻፍኩት ነው።

መድኃኔዓለም አለፈ። ተፈራ በሩ መቃን ላይ በከሰል መስመር ማስመር ጀመረ። ፋሲካ ስንት ቀን እንደቀረው በየማለዳው ይቆጥራል፣ አንዱን ይሰርዛል። እየቆየ ግን መጠየቁን ተወ። እኔም ጥያቄው ስለቀረ ሰላም ያገኘ መሰለኝ። አሁን ቢሆን ዝም ያለ በሽተኛ ያስፈራኛል። ያኔ ግን ዝምታን ከጤና ቆጠርኩት።

የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ነበር። ከክሊኒክ ስመለስ እናቴን ደጅ ቆማ አገኘኋት፤ ፊቷ በርቷል።

«ሄደ!» አለችኝ። «ተላጭቶ፣ ጋቢውን ለብሶ፣ ለልጁ ብርቱካን በመሐረብ ቋጥሮ ሄደ። ሚስቴን አይቼ ነገ እመለሳለሁ ብሏል። እኔም መርቄ ሸኘሁት።»

ተቆጣሁ። ስምንት ቀን ቀርቶት እንዴት ትለቂዋለሽ ብዬ በእናቴ ላይ ጮኽኩ። እሷም ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን ጠፍቶ፣ ያጠፋችው ነገር ምን እንደሆነ ሳታውቅ አንገቷን ደፋች። እሱንም አልረሳውም። ወዲያው ሰማዩ ጠቆረና ዝናብ ወረደ። የመርሳ የበልግ ዝናብ ሲመጣ አያባብልም።

በማግስቱ ሰው ሁሉ ዘንባባ በራሱ አስሮ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ አንድ ሾፌር ጋራዡ ጋ መኪናውን አቁሞ ወረደ። ተፈራን ከውርጌሳ ወዲህ ባለው ወንዝ ዳር ማግኘታቸውን የነገረን እሱ ነው። ወንዙ በጋ ሲሆን ልጅ የሚሻገረው ነው። ያን ዕለት ከላይ ጎርፍ መጥቶበት ነበር።

ቀሪውን በለቅሶው ላይ ከሁለት ሰዎች ሰማሁ። አንዱ የዘነበች አባት አያ ደምሴ ናቸው። «መጣ ልጄ» አሉኝ፣ ሽበታቸው በዕንባ ርሶ። «እስከ ፋሲካ ብላችሁ ስለላካችሁ፣ ላለማስከፋት ብዬ፣ ዘነበች አምባሰል ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች አልኩት። ብርቱካኑን በሩ ሥር አስቀምጦ ተመለሰ።»

«አንቱ ምን ያድርጉ» አልኳቸው። ቃሉ የእኔ እንጂ የእሱ እንዳልነበር አልነገርኳቸውም።

ሁለተኛዋ ውርጌሳ መንገድ ዳር አረቄ የምትሸጥ ሴት ናት። «ዝናቡን ሽሽት ገባ» አለች። አንድ መለኪያ አስቀድቶ ብዙ ጊዜ ሳይነካው አየው። ከዚያ ጠጣ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ዝናቡ ሳያባራ ወጥቶ ሄደ። «ሲገባ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር ወይ?» ብዬ ጠየቅኋት። ለምን እንደምጠይቅ አልገባትም። «ኧረ ደህና ነበር፤ መለኪያውን ቀጥ አድርጎ ነው ያነሳው» አለችኝ። እኔ ግን ገባኝ። አካሉ ድኖ ነበር። ያን ቀን አረቄውን የፈለገው አካሉ አልነበረም።

ዘነበች ከዓመታት በኋላ አገባች፣ ወለደች፣ ባሏም ሞተ። አበባን፣ የቤዛን እናት፣ እኔ ወልድያ አምጥቼ አስተማርኳት፤ እኔም ሳላገባ ቀረሁ። ዘነበች በየፋሲካው ቅቤና ማር እየላከች «ልጄን ሰው ያደረግሽልኝ» ትለኛለች። ያን ማር ስንት ዓመት በላሁት።

እንግዲህ ቤዛ ስለ አይጦቿ ስትነግረኝ ይሄ ሁሉ ነው የመጣብኝ። በሦስተኛው ቀን ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ሲሪንቃን አልፌ፣ መርሳን አልፌ፣ ውርጌሳ ወረድኩ። ዘነበች ከቤቷ ጥግ ጥላ ሥር ማሽላ ታሰጣለች። ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ግን ጤነኛ ነው። ሳመችኝ፣ በርጩማ አቀረበችልኝ። ሳልበላ ሳልጠጣ ነገርኳት። ደብዳቤዋን መክፈቴን። ለእሱ አለመስጠቴን። ራሱ ለምኖኛል ብዬ የጻፍኩት የእኔ ቃል መሆኑን። ትምጣ ወይ ተብሎ ቢጠየቅ ኖሮ በዚያው ሰዓት ነይ ይልሽ እንደነበር።

እጇ ማሽላው ላይ ቆመ።

«እቤት ውስጥ ነበርኩ» አለች። «አባባ ከደጅ ሲያነጋግሩት በሩ ኋላ ቆሜ እሰማለሁ። ሁለት ጊዜ ስሜን ጠራ። አበባ ድምፁን አውቃ አባዬ ልትል ስትል አፏን በእጄ ያዝኩት።»

«ዘነቡ…»

«ራሱ አትውጪልኝ ብሏል ብዬ ነው። ቃሉን ላክብርለት ብዬ። ስሜን ሲጠራም ያ መጠጥ ነው የሚያናግረው ብዬ።» ከዚያ ደካማ ዓይኗን ወደ እኔ አዙራ፣ እንደ ልጅ በለሆሳስ ጠየቀችኝ። «እንግዲያው ሲጠራኝ የምሩን ነበር?»

«የምሩን ነበር» አልኳት።

ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ለቅሶ አልነበረም፤ ያን ዕለት የሞተበት ሰው ለቅሶ ነበር። ልነካት እጄን ዘረጋሁ፣ መልሼም ሰበሰብኩት። ይቅር በይኝ አላልኳትም። እሷም ይቅር አልኩሽ አላለችኝም። ስትጨርስ ዓይኗን ጠርጋ፣ «ለአበባ አንቺ ንገሪያት። እኔ አልችልም። አፏን ይዣት እንደነበርም ንገሪያት» ብላ ወደ ማሽላዋ ተመለሰች። እኔም ካጠገቧ ተቀምጬ አብረን አሰጣን።

ብዙ ቤተሰብ በኋላ ዘመኔ እኔ ዘንድ እየመጣ፣ የሚጠጣ ልጃችንን ምን እናድርገው ብሎ ጠይቆኛል። ሳይንሱ እንደሚል፣ አረቄ አንጎልን ይይዛል፣ ፈቃድን ያደክማል እያልኩ መልሼላቸዋለሁ። እውነት ነው። ተፈራ ግን በዚያ ቅዳሜ ፈቃዱ አልደከመም ነበር። ተላጭቶ፣ ብርቱካን ቋጥሮ፣ በእግሩ ከመርሳ ውርጌሳ ድረስ ሄዶ መርጦ ነበር። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። የፊታችን እሑድ አበባ ከልጆቿ ጋር ለምሳ ትመጣለች፤ ምን ብዬ እንደምጀምርላት እስካሁን አላውቅም።